ለበዓል የሚቆሙ የእንጨት ርብራቦችና የሕዝብ ደህንነት

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ግቢ ወደ ጎንደር ከተማ ቁልቁል ሲወረድ የቀሃ ወንዝ ሸለቆ ይገኛል። የአፄ ፋሲል መዋኛም በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነው። ገንዳው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይቆይና የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ በሚጠለፍ ውኃ ይሞላል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው በሥፍራው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ማለዳ ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ሲባረክ ወጣቶች ወደ ገንዳው ይወረወራሉ። ይህን ለማየት ከአገር ውስጥና ከውጭ የሚመጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በመሆኑም ለተመልካቹ በገንዳው አካባቢ ደረጃ ያላቸው የእንጨት መቀመጫዎች ለበዓሉ ተብለው ይሠራሉ።

የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ቦጎታ በተካሄደው ጉባኤ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከአንድ ወር በኋላ የተከበረው የጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዓል ከምዝገባው ወዲህ የመጀመሪያው በመሆኑ በተለየ ድምቀት የሚታሰብ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ዕለት ማለዳ፣ ሥነ ሥርዓቱ በመካሄድ ላይ ሳለ፣ በገንዳው አጠገብ ተመልካች የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ ከ100 በላይ የሚሆኑት የአካል ጉዳት ደረሰባቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የበዓሉን ዕለት ቁስለኞችን በመቀበል አሳለፈ።

ከዚህ በኋላ ስድስት ዓመት ሳይሞላ በዚያው በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ተመሳሳይ አደጋ ደረሰ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ምዕመናን የማርያምን ዓመታዊ ክብረ በዓል ለማክበር በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በተሰበሰቡበት ወቅት፣ በግንባታ ላይ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን የቆመው የእንጨት ርብራብ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ፈረሰ። በዚሁ ዕለትና በተከታዩ ቀን ይፋ በተደረገው መረጃ የሟቾች ቁጥር ቢያንስ 36 መድረሱና ከ200 በላይ ሰዎች መቁሰላቸው ተገልጿል።

ሁለቱ አደጋዎች በአንድ ነገር ይለያያሉ። የጎንደሩ ርብራብ ከመነሻው ሰው እንዲቀመጥበት ታስቦ የቆመ ነበር። የአረርቲው ደግሞ ለግንባታ ሥራ የቆመ እንጂ ለሕዝብ መቆሚያ የተሠራ አልነበረም። ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሁኔታ ሊጠየቅ የሚገባው የመዋቅሩ አሠራር ሲሆን በሁለተኛው ደግሞ ሕዝብ ወደ ሥራ መወጣጫው እንዳይቀርብ የሚከለክል አጥር ወይም ዘበኛ ስለመኖሩ ነው። ከዚያ ባሻገር ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሳል። በርብራቡ ላይ ስንት ሰው እንዲወጣ የተፈቀደ ነበር? ቁጥሩንስ የወሰነው ማን ነው?

ጥያቄው ለምን መሠረታዊ እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። አገሪቱ ከአውሮፓ መለኪያ ጋር አጣጥማ እ.ኤ.አ. በ2015 ያዘጋጀችው የሕንፃ ኮድ፣ ሕዝብ በብዛት የሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎችና የተመልካች ማማዎች በየካሬ ሜትሩ 5 ኪሎ ኒውተን ጭነት እንዲሸከሙ ሆነው እንዲነደፉ ይጠይቃል። ይህም በግምት 500 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ለልስን፣ ለቀለም ቅብና ለመሳሰለው ሥራ የሚቆም መወጣጫ በአንጻሩ በየካሬ ሜትሩ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ቢችል ለመደበኛ ሥራ እንደሚበቃ በአውሮፓው የመወጣጫዎች መለኪያ ተደንግጓል። ሁለት ግንበኞች፣ አንድ ባልዲ ሲሚንቶና ጥቂት ብሎኬት በሚይዝ መወጣጫ ላይ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሲቆም ጭነቱ ከታሰበው ከሁለት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ያውም መወጣጫው በመለኪያው መሠረት የተሠራ ከሆነ ነው።

ቁጥሩን በአካባቢው መስፈሪያ መመንዘር ይቻላል። ስፋቱ 4 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ መድረክ 24 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሕዝብ ሲሞላበት ሊሸከም የሚገባው 12,000 ኪሎ ግራም ወይም 120 ኩንታል ነው። ሁለት አይሱዙ መኪኖች ሞልተው የሚያመጡትን እህል በአጠናና በሚስማር በተሠራ ቆጥ ላይ እንከምር የሚል ሰው ቢመጣ የመድረኩ ባለቤት በጄ አይልም። ያንኑ ክብደት ያለው ሰው በራሱ እግር ደረጃውን ሲወጣ ግን ማንም እንደ ጭነት አይቆጥረውም።

ከዚህም በላይ ሰው እንደ እህል አርፎ አይቀመጥም። ታቦት ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ዝማሬው ሲደምቅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ እልልታው ሲቀልጥ ያጨበጭባል፣ ይዘላል። ሕዝብ በአንድ ምት ሲንቀሳቀስ መዋቅሩን ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ይፈጠራል። በብሪታንያ ለጊዜያዊ ማማዎች በሥራ ላይ የዋለው የመሐንዲሶች መመሪያ መዋቅሩ ከቁም ጭነቱ ሌላ የዚያን ጭነት ከ6 እስከ 10 በመቶ የሚሆን የጎን ግፊት እንዲቋቋም የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ በተጠቀሰው መድረክ ላይ ይህ እስከ 12 ኩንታል የሚደርስ የጎን ግፊት ማለት ነው።

የእንጨት ርብራብ ደካማ ጎኑ እዚህ ላይ ነው። አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከላይ የሚመጣበትን ክብደት በሚገባ ይሸከማል፤ ለአያሌ ዓመታት ፎቆች የተገነቡትም በዚሁ እንጨት እየተደገፉ ነው። አራት ቋሚዎች በአግዳሚ ብቻ ተያይዘው ሲቆሙ ግን አራት ማዕዘኑ ወደ ጎን ሲገፋ ለመጋደል የሚከለክለው ነገር የለም። የሚይዘው በየመጋጠሚያው የተመታው ሚስማር ብቻ ይሆናል። ሚስማር ደግሞ በተደጋጋሚ ሲወዘወዝ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል፤ እንጨቱ እርጥብ ሳለ ተመትቶ በኋላ ከደረቀም ይላላል። ከጥግ ወደ ጥግ የሚመታ ሰያፍ እንጨት አራት ማዕዘኑን ወደ ሦስት ማዕዘን ስለሚከፍለው መዋቅሩ እንዳይጋደል ያደርጋል። ማንኛውም ልምድ ያለው አናጢ ይህን ያውቃል። ይሁንና ሰያፉ መተላለፊያ ይዘጋል፣ እይታ ይከልላል ወይም እንጨት ያስጨርሳል በሚል ሰበብ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የእንጨቱ ታሪክም ሊጠየቅ ይገባዋል። አንድ አጠና ለአንድ በዓል ቆሞ ይነቀላል፤ በሌላ ሥራ ላይ ይውላል፤ በዓመቱ ተመልሶ ይተከላል። መሬት ውስጥ የሚገባው ጫፉ በርጥበትና በምስጥ ሲበላ ከላይ ሲታይ ግን ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ቋሚውን በዓይን ዓይቶ ማለፍ አይበቃም። ጫፉን በመዶሻ መምታት፣ በቢላ መውጋት ያስፈልጋል። ወንዝ ዳር ባለና ውኃ በሚሞላ ገንዳ አጠገብ ደግሞ መሬቱ ራሱ ይለሰልሳል። አንድ ቋሚ ከሌሎቹ ይበልጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከሰጠመ የእርሱ ድርሻ ጭነት ወደ ጎረቤቶቹ ይዞራል፤ እነርሱም በተራቸው ከአቅማቸው በላይ ይጫናሉ። ርብራቦች በአብዛኛው ቀስ ብለው ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚወድቁት ስለዚህ ነው። ከታች የቆመ ሰው ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም።

ችግሩ የድህነት ወይም የእንጨት ብቻ እንዳይመስል የፈረንሳይን አብነት መጥቀስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1992 በኮርሲካ ደሴት ባስቲያ ከተማ፣ በባስቲያና በማርሴይ ክለቦች መካከል ሊደረግ ለነበረው የፈረንሳይ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ሲባል ነባሩ የተመልካች መቀመጫ ፈርሶ በጥድፊያ በምትኩ የብረት ጊዜያዊ ማማ ቆመ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የማማው የላይኛው ክፍል ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ ከ2 ሺህ በላይ ቆሰሉ። መዋቅሩ ብረት ነበር፤ አገሩም የበለጸገ ነበር። የጨዋታው ቀን መድረሱ ግን ሁሉንም አቻኮለ። ፈረንሳይ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የስፖርት ሥፍራዎች ሕዝብ ከመቀበላቸው በፊት ብቁነታቸው እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ከ2021 ወዲህ ደግሞ በግንቦት 5 የሙያተኛ ክለቦች የእግር ኳስ ጨዋታ እንዳይካሄድ በሕግ ተወስኗል።

ሕዝብን በተሠራ ነገር ላይ አውጥቶ በሰላም የማውረድ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የተጠናው በመዝናኛ ፓርኮች ነው። በአገራችንም ይህ ዘርፍ እየሰፋ ነው፤ በመስከረም ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የእንጦጦ ፓርክ የጎበኘ ሰው በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው የሚንሸራተቱ ወጣቶችን ማየቱ አይቀርም። የሚሽከረከሩና የሚወነጨፉ ማጫወቻዎች ከርብራብ ይልቅ እጅግ የሚያስፈሩ ይመስላሉ። በአግባቡ በሚመሩ ፓርኮች ግን የወንበሩ ቁጥር የታወቀ ነው፤ ወንበር ያላገኘ ሰው አይሳፈርም። ቁመቱና ክብደቱ ከተወሰነው ውጭ የሆነ ሰው ይመለሳል። በየማለዳው ፓርኩ ከመከፈቱ በፊት ማጫወቻው ባዶውን ይሞከራል፤ የሞከረውም ሰው ይፈርማል። ማስቆሚያው ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ነው።

እንዲህም ሆኖ ሞት አልቀረም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2016 በአውስትራሊያ ድሪምወርልድ ፓርክ በውኃ ላይ በሚሄድ ማጫወቻ አራት ሰዎች ሞተዋል። የውኃው መሳቢያ ሞተር በዚያው ዕለት ሁለት ጊዜ ቆሞ እንደገና እንዲነሳ ተደርጎ ነበር፤ በሦስተኛው ጊዜ ውኃው ዝቅ ሲል አንዷ ጀልባ ተቀረቀረችና ተከታይዋ መጥታ ገጨቻት። ኩባንያው በ2020 የ3 ነጥብ 6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል። በብሪታንያ አልተን ታወርስ ፓርክ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2015 የደረሰውም ግጭት ተመሳሳይ ነው። የመቆጣጠሪያው ሥርዓት በሐዲዱ ላይ የቆመ ባዶ ፉርጎ ስላለ ተከታዩን አስቁሞት ነበር፤ ሠራተኞቹ ሐዲዱ ነፃ መስሏቸው የመሣሪያውን ክልከላ አልፈው ለቀቁት። 16 ሰዎች ቆሰሉ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸውን አጡ፤ ኩባንያውም 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በአሜሪካ ኦርላንዶ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከከፍተኛ ማማ ከሚወርድ ማጫወቻ ወድቆ ሞተ። በተደረገው ምርመራ የተቀመጠበት ወንበር መቆለፊያ ይበልጥ ክፍት ሆኖም ማጫወቻው እንዲነሳ መቆጣጠሪያው በእጅ መስተካከሉ ተረጋግጧል።

በሦስቱም አደጋዎች ውስጥ ማስጠንቀቂያ ወይም ገደብ ነበር። የጎደለው ገደቡ ሲነካ “ከዚህ በኋላ አይሆንም” ብሎ የሚያቆም ሰው ነው። በእኛ የበዓል ርብራቦች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገደቡም ራሱ የለም። ርብራቡን የሚያቆመው አናጢ ስንት ሰው እንደሚወጣበት አይነገረውም፤ ሕዝቡን የሚያስተናግዱት ወጣቶች ርብራቡ ስንት ሰው እንደሚችል አያውቁም።

ሕጉን በተመለከተ ክፍተቱ ከሚገመተው ያነሰ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 “ሕንፃ” የሚለውን ቃል ሲተረጉም ለመኖሪያ፣ ለቢሮ፣ ለፋብሪካ ወይም ለሌላ ማናቸውም አገልግሎት የሚውል ቋሚ ብቻ ሳይሆን ጊዜያዊ ግንባታንም አካቷል። በየከተማ አስተዳደሩ የሕንፃ ሹም እንዲሰየም፣ ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይካሄድም ደንግጓል። ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች ደግሞ ጥብቅ ክትትል በሚሻው ምድብ “ሐ” ውስጥ አስቀምጧል። በዚህ አተረጓጎም መሠረት ለአንድ ማለዳ የሚቆም የተመልካች ማማ ከሕንፃ ሹሙ ዓይን ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አልነበረም። በሌላ በኩል አዋጁ በዋናነት ያተኮረው ነዋሪያቸው 10 ሺህና ከዚያ በላይ በሆኑ ከተሞች ላይ ስለነበር በገጠር አጥቢያዎች የሚካሄዱ ግንባታዎች፣ በተለይም ለዓመታት በምዕመናን መዋጮ የሚሠሩ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከመደበኛው የቁጥጥር ሰንሰለት ርቀው የቆዩበት ሁኔታ አለ።

ሥራ ላይ ሲታይ ግን ዋናው ችግር የድንጋጌ እጥረት ሳይሆን የባለቤትነት መበታተን ነው። አንድ ትልቅ ክብረ በዓል ሲዘጋጅ ሰበካ ጉባኤው፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ፣ ፖሊስና ጤና ተቋማት በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ስለ ጽዳት፣ ስለ እንግዶች አቀባበል፣ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ጸጥታ ንዑስ ኮሚቴ ይዋቀራል። ለርብራቡ ግን ራሱን የቻለ ንዑስ ኮሚቴ የሚሰየመው ከስንት አንዴ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ቤተ ክርስቲያኑ አይቶታል ይላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ መንግሥት ፈቅዷል ብሎ ያምናል፤ ፖሊስ ደግሞ ሥራው ሰውን መፈተሽ እንጂ እንጨትን መፈተሽ እንዳልሆነ ያስባል። ሁሉም በየፊናው ትክክል ነው። በመጨረሻ ፊርማው ያለበት ወረቀት ሲፈለግ አይገኝም።

ይህን ለማረም አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሲቪል ምሕንድስና መምህራን አሉ፤ በዓሉ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ንድፉን ማየት፣ በዋዜማው ደግሞ የቆመውን መዋቅር ከንድፉ ጋር ማመሳከር ለአንድ መሐንዲስ የቀናት ሥራ ነው። መዋቅሩን በአሸዋ ወይም በእህል ጆንያ ጭኖ ማሳደርም ይቻላል። በማግሥቱ የሰጠመ ቋሚ ካለ፣ የተጣመመ አግዳሚ ካለ በግልጽ ይታያል። በግንባታ ላይ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ደግሞ በበዓል ቀን የመወጣጫውን የመጀመሪያ ደረጃዎች ነቅሎ ማንሳት ብቻውን ብዙ ይከላከላል። ወጪውም አንድ ሠራተኛና አንድ መዶሻ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ለመቀመጫ ክፍያ የሚጠየቅ ከሆነ ቲኬቱ ራሱ የቁጥጥር መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ የተሸጠው ቲኬት ከወንበሩ ቁጥር እንዳይበልጥ ማድረግ ከባድ አይደለም። አስቸጋሪው ቲኬት የሌለው ዘመድ፣ የሩቅ እንግዳ፣ ፎቶ ለማንሳት “ለአንድ ደቂቃ ብቻ” የሚል ሰው ሲመጣ ነው። በተጨማሪም ሹማምንትና የክብር እንግዶች ከእነ አጃቢዎቻቸው ዘግይተው ደርሰው የሞላ ማማ ላይ ቦታ ይለቀቅልን የሚሉበት ልማድ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ኃላፊዎች የሚያውቁት ነው። ቁጥሩ የተጣሰበት ማማ ብዙ ጊዜ የሚጣሰው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ነው።

የጎንደር የክብረ በዓል መቁጠሪያ በጥምቀት ብቻ አያበቃም። ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም ማርያም በዓል ሲከበር ሕዝቡ በእቴጌዋ ግቢ ይሰበሰባል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ጉዳት ደርሶበት በኋላ እንደገና ተሠርቷል፤ የቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ግንቦች ግን እንደ ፈረሱ ቆመዋል። እይታ ያጣ ወጣት የሚወጣው አዲስ በተሠራ ርብራብ ላይ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ በዘመን ብዛት በላላ አሮጌ ግንብ ላይም ይወጣል። ስለዚህ የተቆጣጣሪው የዋዜማ ጉብኝት እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ቅጥሩንም ማካተት ይኖርበታል፤ አደገኛ በሆነው ግንብ ሥርም በገመድ መከለል ያስፈልጋል።

በርብራቡ መውጫ ላይ በጉልህ ቀለም የሚጻፍ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ “80 ሰው”፣ አጠገቡም ሰው እየቆጠረ የሚያሳልፍ አንድ ኃላፊ ሊኖር ይገባል። ኃላፊው ርብራቡን የሠራው አናጢ ቢሆን ይመረጣል፤ ሥራውን የሚያውቀው እርሱ ነውና። በበዓል ቀን ግን አናጢ ተው ቢል የሚሰማው ስለማይኖር አንድ ፖሊስ ከጎኑ መመደብ ይኖርበታል።